ጀሪካን፣ ቁጭ ብድግ እና 20 ደቂቃ፦ የዲማ ልጅ ጂም ያስፈልገዋል?

ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ከተማ ምቦምቤላ ስታዲየም ውስጥ የሆነውን የዋልያዎቹ ደጋፊ ቶሎ አይረሳውም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ ሁለተኛ ጨዋታዋን ከቡርኪናፋሶ ጋር ስታደርግ በመጀመሪያው አጋማሽ በአሌን ትራኦሬ ጎል 1 ለ 0 ተመራች። ከእረፍት መልስ 60ኛው ደቂቃ አካባቢ የቡርኪናው ግብ ጠባቂ አብዱላዬ ሱላማ ከሳጥኑ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። «በቃ፣ አሁን አለቀላቸው» ያለው ደጋፊ ብዙ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። 10 ሰው ሆነው የቀሩት ቡርኪናዎች 3 ጎል ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ።

እርግጥ ነው፣ የዚያን ቀን ሽንፈት በጉልበት ብቻ አይገለጽም። ዋልያዎቹ ከ4 ቀን በፊት ግብ ጠባቂያቸው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው፣ 10 ሰው ሆነው፣ ከወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያይተዋል። ጉልበት ጨርሶ የሌለው ቡድን እንዲህ አይሠራም። ቢሆንም በ2006 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በናይጄሪያ በደርሶ መልስ 4 ለ 1 ሲሸነፉም፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ በአስተናጋጇ ካሜሩን 4 ለ 1 ሲሸነፉም ከየካፌው የሚሰማው አስተያየት ያው አንድ ነው። «ኳሱን እንችላለን፤ አካል ብቃት ግን የለንም።»

መድኃኒቱስ? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚመልሰው «ጂም ይግቡዋ!» ብሎ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጂም ገንዘብ ነው፤ ጂም ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ተጫዋች ከልምምድ በኋላ ብረት ሊገፋ ይችላል። ከዋና ከተማዋ ርቆ፣ በባዶ እግሩ ኳስ እያባረረ ያለው ታዳጊስ?

ዲማን እንውሰድ። በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋክ ዞን የምትገኘው ዲማ አዲስ አበባ ላለ ሰው ስሟ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው፤ በወርቅና በስደተኛ መጠለያ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስጠልላለች። ወርቁ ደግሞ በባህላዊ መንገድ፣ በዶማና በአካፋ ተቆፍሮ፣ አፈሩ በውሃ ታጥቦ የሚወጣ ነው። ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ ቁልቁል ወደ አኮቦ ወንዝ አገር የሚወስደው መንገድ ያደርሳታል እንጂ ዘመናዊ የስፖርት መሣሪያ ፍለጋ የሚኬድባት ቦታ አይደለችም። እንዲህ ያለ ቦታ የተወለደ ልጅ ኳሱን ቢችል እንኳ «ሰውነቱ አልጠነከረም» ተብሎ ከምልመላ ሊመለስ ነው ማለት ነው? ወይስ ያለ ብረት ሰውነት መገንባት ይቻላል?

«ተፈጥሮ የሰጠው» የሚባለው ነገር

ጋምቤላ ሲነሳ የእግር ኳስ ሰው ቀድሞ የሚጠራቸው ሁለት ስሞች አሉ። አንዱ አጥቂው ኡመድ ኡኩሪ ነው። ጋምቤላ የተወለደው ኡመድ በመከላከያና በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ግብፅ ያቀና ሲሆን ጉሽሚያ በበዛበት የግብፅ ሊግ ለበርካታ ዓመታት በተለያዩ ክለቦች ቆይቷል። ሁለተኛው አማካዩ ጋቶች ፓኖም ነው። እሱም የጋምቤላ ልጅ ነው። ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሩሲያው አንዢ ማካችካላ ሲፈርም ወሬው አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር።

ሁለቱም ሲነሱ አብሮ የሚመጣ አባባል አለ፤ «የጋምቤላ ልጅ እኮ በተፈጥሮው ጠንካራ ነው።» ለሙገሳ የተባለ ይመስላል። ውስጡ ሲታይ ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ለዓመታት ያፈሰሰውን ላብ ለተፈጥሮ ይሰጥበታል። ሁለተኛ፣ ቁመናውን ያየ አሰልጣኝ «ይሄ እንኳ ራሱ ጠንካራ ነው» ብሎ የጉልበት ሥራ ሳያሠራው ያልፋል። ረጅም አጥንት ግን ጡንቻ ማለት አይደለም። እንዲያውም ረጅም እግር ያለው ፈጣን ልጅ የኋላ ጭኑን በደንብ ካላጠነከረ አንድ ቀን በሩጫ መሐል «ቋ!» ብሎ ጭኑን ይዞ ሲቀመጥ ይታያል።

ተፈጥሮ ምንም ድርሻ የላትም ማለት ግን አይደለም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሁሉ አዳማ ትራኦሬን ያውቀዋል። በዎልቭስ ማሊያ የክንፍ ተጫዋች ሳይሆን ቦክሰኛ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ተከላካዮች ክንዱን እየያዙ ስላስቸገሩትና ትከሻው ስለተጎዳ የክለቡ ሰዎች ከጨዋታ በፊት ክንዱን የሕፃናት ዘይት ይቀቡት እንደነበር በሰፊው ተወርቷል። ያ ሁሉ ጡንቻ ከየት መጣ ሲባል «ብረት አላነሳም» ብሎ ሰውን ጉድ አሰኘ። የአዳማ ወሬ ግን ለሌላው ሰው ምግብ አይሆንም። እንደሱ ያለ በሺህ አንድ ነው፤ የቀረው ሠርቶ ነው የሚያገኘው። ጥያቄው «ምን ያህል ሠርቶ? በምንስ ሠርቶ?» የሚለው ነው።

ከሲሚንቶ ብረት እስከ ባዶ እጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው የሰፈር ብረትን ያስታውሳል። ሁለት የወተት ወይም የቀለም ቆርቆሮ፣ አንድ የቧንቧ ብረት፣ የተበጠበጠ ሲሚንቶ። ቆርቆሮው ውስጥ ሲሚንቶ ይሞላል፣ ብረቱ ይሰካል፣ ሲደርቅ «ጂም» ይባላል። ግድግዳው ላይ የሽዋርዜንገር ወይም የቫን ዳም ፎቶ ይለጠፋል። ብዙ ወጣት ደረቱን የነፋው በዚሁ ነው። ችግሩ የአንዱ ጎን ሲሚንቶ ከሌላው ይከብድና ትከሻ ያጣምማል፤ ብረቱ ከቆርቆሮው ሊወልቅም ይችላል። ከዚያ ይልቅ የራስን ሰውነት እንደ ብረት መጠቀም ይሻላል። በዓለም ላይ ያለው አዲሱ አስተሳሰብም ወደዚያው እያጋደለ ነው፤ ጥቂት እንቅስቃሴ፣ ጥቂት ቀን፣ ጥቂት ወይም ምንም መሣሪያ፤ ግን ሳያቋርጡ።

ጥናቱ ምን ይላል?

ፑሽ አፕ እንጀምር። ተመራማሪዎች ሰውዬውን ሚዛን ላይ አሠርተው እንደለኩት፣ ተራ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው በእጁ የሚገፋው ከክብደቱ 64 በመቶ ያህሉን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እያንዳንዷን ፑሽ አፕ ሲሠራ 38 ኪሎ ገፋ ማለት ነው። በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሠራ ወደ 49 በመቶ ይቀልለታል። እግሩን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነገር ላይ ከሰቀለ ደግሞ ወደ 74 በመቶ፣ ማለትም ወደ 44 ኪሎ ይከብዳል። ብረቱ የሚጨመረው እግርን በመስቀል ነው፤ ክፍያ የለውም።

«ያ ለጤና ነው እንጂ ጡንቻ አያወጣም» የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የጃፓናውያን ጥናት ግን አንዱን ቡድን ፑሽ አፕ፣ ሌላውን ቡድን ቀለል ያለ የደረት ብረት ለ8 ሳምንት አሠርቶ የጡንቻቸውን ውፍረት ሲለካ የሁለቱም ዕድገት ተመሳሳይ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ጥናት፣ ማንሳት ከሚችሉት 30 በመቶ ብቻ የሚሆን ቀላል ክብደት እስኪያቅታቸው ድረስ ደጋግመው ያነሱ ወጣቶች 80 በመቶ ካነሱት ጋር የሚመጣጠን የእግር ጡንቻ አውጥተዋል። ቁም ነገሩ «እስኪያቅት ድረስ» የምትለዋ ላይ ነው። 10 ፑሽ አፕ ያለ ችግር ሠርቶ የሚነሳ ሰው ጡንቻው ምንም የሚያድግበት ምክንያት የለውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይካድ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እጅግ ከባድ ነገር ለማንሳት የሚፈለገውን ጉልበት በማምጣት ከባዱ ብረት ይበልጣል። ለክብደት አንሺ ይሄ ወሳኝ ነው። 90 ደቂቃ ለሚሮጥ ኳስ ተጫዋች ግን ያን ያህል አያስጨንቅም።

ለኳስ ተጫዋች ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ አለመጎዳት። የተጎዳ ተጫዋች ምንም ያህል ደረት ቢኖረው ደጋፊ ነው የሚሆነው። በዚህ በኩል ትልቁ መሣሪያ ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ጓደኛ ብቻ። ልጁ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፣ ልጁ ወገቡን ሳያጥፍ በተቻለው መጠን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወድቃል፣ መያዝ ሲያቅተው በእጁ መሬት ይደገፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 942 ተጫዋቾችን ተከታትሎ፣ ኖርዲክ ከሠሩት መሐል የኋላ ጭን ጉዳት የደረሰው 15 ጊዜ፣ ካልሠሩት መሐል ደግሞ 52 ጊዜ መሆኑን አሳይቷል።

ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2006 «11+» የተባለውን የማሟሟቂያ ፕሮግራም ያዘጋጀው በዚሁ ሐሳብ ነው። 15 እንቅስቃሴ ነው፤ ጠቅላላ 20 ደቂቃ ይፈጃል። 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጉልበት፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ፕላንክ፣ የጎን ፕላንክ፣ ኖርዲክ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ቁጭ ብድግ፣ ዝላይ፤ አለቀ። ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 1 ሺህ 892 ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። «እሱ ለፈረንጅ ነው» የሚል ካለ ወደ ሌጎስ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 416 የናይጄሪያ ታዳጊዎችን ለ6 ወር ተከታትሎ 11+ን የሠሩት ቡድኖች ካልሠሩት በ41 በመቶ ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው አረጋግጧል። ዋልያዎቹን በጉልበት በለጠች የምትባለው ናይጄሪያ ልጆቿን በባዶ ሜዳ በ20 ደቂቃ ስትሞክር ነበር ማለት ነው።

ለ8 ሳምንት ይሞከር

እንግዲህ ዲማ ያለ ልጅም ሆነ ኮልፌ ያለ ልጅ ሊሞክረው የሚችለው ነገር ይኸው ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በየመሐሉ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት፣ በአንድ ቀን ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ።

አንደኛ፣ ፑሽ አፕ። ሁለተኛ፣ ፑል አፕ፤ ጠንካራ የዛፍ ቅርንጫፍ ይበቃል። የጎል አግዳሚ ላይ መንጠልጠል ግን በፍጹም! መሬት ላይ በደንብ ያልታሰረ ጎል ተገልብጦ ሰው ይገድላል። ሦስተኛ፣ የአንድ እግር ቁጭ ብድግ፤ የኋላውን እግር ድንጋይ ወይም አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፎ በፊተኛው እግር መውረድና መነሳት። አራተኛ፣ ኖርዲክ። አምስተኛ፣ ፕላንክና የጎን ፕላንክ። ስድስተኛ፣ ጀሪካን ተሸክሞ መራመድ። የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ውሃ ነው። በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን 40 ኪሎ ሆነ። ወገብን ቀጥ አድርጎ 30 ሜትር ሄዶ መመለስ ለእጅ፣ ለትከሻና ለወገብ አንድ ጂም ነው።

እያንዳንዱን 2 ዙር መጀመር፣ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ 3 ዙር ማድረግ። ዙሩ የሚያልቀው ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ መጨመር እንደማይቻል ሲታወቅ ነው። ኖርዲክ ግን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሰው በነጋታው ደረጃ መውረድ ሊያቅተው ይችላልና ከጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀር ባይነካ ይሻላል።

ፑሽ አፑ 20 እና 25 ሲያልፍ ቁጥር መቆለል ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው። ያኔ ማክበድ ነው የሚሻለው። እግርን መስቀል፣ ሲወርዱ 3 ሰከንድ መቆየት፣ አሸዋ የሞላ ቦርሳ ጀርባ ላይ ማዘል። ጡንቻ የሚያድገው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ሙከራ ከተባለ ደግሞ መመዝገብ አለበት። ደብተር ይገዛ። በመጀመሪያው ቀን ስንት ፑሽ አፕ፣ ስንት ፑል አፕ፣ ፕላንክ ስንት ሰከንድ፣ 30 ሜትር ሩጫ በስንት ሰከንድ ተብሎ ይጻፍ። በ8ኛው ሳምንት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሜዳ ይደገም። መስታወት ይዋሻል፤ ደብተር አይዋሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ጨምሮ ጡንቻ ባይታይ መደናገጥ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚማረው ነርቭ ነው፤ ሥጋው ዘግይቶ ይከተላል።

ውድድር ሲጀመር ሁሉንም ማቋረጥ የብዙ ክለቦች በሽታ ነው። በኖርዌይ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የጉልበት ሥራ የሠሩት በዝግጅት ወቅት ያገኙትን ጉልበትና ፍጥነት ይዘው ቆይተዋል። በሁለት ሳምንት አንድ ቀን የሠሩት ግን እየቀነሱ ሄደዋል።

የሚሠራ ሰው ስልጠና ያስፈልገዋል?

እዚህ ላይ ዲማን የሚመለከት ትልቅ ጥያቄ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ አፈር ሲቆፍርና ሲሸከም የሚውል ወጣት፣ ውሃ ስትቀዳ የምትውል ልጃገረድ፣ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግላቸዋል?

ሥራና ስልጠና ግን አንድ አይደሉም። ወርቅ ቁፋሮ ወገብና ክንድን ያጠነክራል፤ ሰውየው ሲደክመው ግን «ይብቃህ፣ ነገ እረፍ» የሚለው የለም። ሁልጊዜ ያው ዶማ፣ ያው አፈር ነው። ስልጠና ደግሞ አስቦ ያደክማል፣ አስቦ ያሳርፋል፣ አስቦ ይጨምራል። ስለዚህ ቀን ሲቆፍር የዋለ ተጫዋች ማታ 100 ፑሽ አፕ ሥራ ቢባል ጉዳት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ቁፋሮ የማይሰጠው ነገር ነው፤ ኖርዲክ፣ የአንድ እግር ሚዛን፣ አጭር ፈጣን ሩጫ፤ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ።

ሙቀቱም አለ። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። እዚያ እኩለ ቀን ላይ መሥራት ጀግንነት አይደለም፤ ሞኝነት ነው። ገና ሲነጋጋ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ውሃ አጠገብ አስቀምጦ መሥራት ይሻላል። ወባ ይዞት የተነሳ ልጅም «ላብ ያወጣልኛል» ብሎ መሮጥ የለበትም፤ ድኖ፣ በልቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው።

ሆድስ?

ጡንቻ ከአየር አይሠራም። ጉልበት የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ካገኘ በቂው ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ወደ 96 ግራም መሆኑ ነው። ብዙ ይመስላል። ከተማ ያለው ወጣት በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ፍለጋ ኪሱን የሚያራቁተውም ለዚህ ነው። ግን አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። 100 ግራም ዓሣ ወደ 20 ግራም ይሰጣል፤ ጋምቤላ ደግሞ ከባሮ የሚወጣ ዓሣ የታወቀ ምግብ ነው። 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም አለው። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ወተት፣ ሁሉም ያዋጣሉ። የዱቄቱ ሻጭ የማይናገረው ይህንን ነው። እርግጥ ሁሉ ቤት በየቀኑ ይህን ያገኛል ማለት አይደለም። ተርቦ የሚያድር ልጅ በፑሽ አፕ አይወፍርም፤ ለእሱ ከስልጠናው በፊት ምሳው ይቀድማል።

ቀሪው የአሰልጣኙ ሥራ ነው

ታዲያ የዲማ ልጅ ጂም ያስፈልገዋል? ቢኖር ማን ይጠላል! ግን «ጂም ስለሌለ» የሚለው ሰበብ ከእንግዲህ አያዋጣም፤ ለልጁም፣ ለአሰልጣኙም፣ ለፌዴሬሽኑም። 8 ሳምንት አዳማ ትራኦሬን አያደርገውም። 80ኛው ደቂቃ ላይ ግን ጭኑን ይዞ ከመውደቅ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲገናኝ ከመብረር ሊያድነው ይችላል።

የሚጎድለው ብረት ሳይሆን የሚቆጥር ሰው ነው። ከልምምድ በፊት «20 ደቂቃ 11+ እንሥራ» የሚል፣ የአንዱን ቁርጭምጭሚት አንዱ እንዲይዝ የሚያጣምር፣ «ተፈጥሮው ጠንካራ ነው» ብሎ የማያልፍ አሰልጣኝ። ይሄ በጀት አይጠይቅም። ከኔልስፕሩይት የቁጭት ምሽት ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ በዲማም፣ በጋምቤላ ከተማም፣ በየሜዳው ኳስ እያባረሩ ነው። ነገ አንዱ በዋልያዎቹ ማሊያ 10 ሰው የቀረ ቡድን ሲገጥመው እግሩ እንዲጸና ከተፈለገ ሥራው የሚጀመረው ዛሬ፣ እዚያው አቧራው ላይ ነው።